የእናት ወርቅ

ሰው ሁሉ የሚኮራበት ነገር አለው። ባለጸጋ በሀብቱ፥ ጀግና በጋሻው፥ ሊቅ በትምህርቱ፥ ገበሬ በጎተራው ይኮራል። የእናት መኩሪያ ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ ሌላው የሚኮራው በእጁ በያዘው ሲሆን፥ እናት የምትኮራው ከእጅዋ በወጣው ነውና። ሕፃን ከጀርባ ወርዶ ሲድህ፥ ድኾ ሲቆም፥ ቆሞ ሲሄድ፥ ሄዶም ደጃፉን አልፎ ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ፥ በየደረጃው ከእናቱ አንድ እርምጃ ይርቃል። እናቲቱም ያን እርምጃ እያየች፥ በአንድ ዐይንዋ ታለቅሳለች፥ በሌላው ትስቃለች። ይህ ነገር ምን ምሥጢር እንዳለው ለመመርመር የሚወድ ሰው ቢኖር፥ ባሕር ተሻግሮ መሄድ አያስፈልገውም፤ ከአምቦ ተነሥቶ ወደ ወንጪ ቢወጣ ይበቃዋል።

ወንጪ በአምቦና በወሊሶ መካከል የሚገኝ ተራራ ነው፤ የጫፉ ከፍታም ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ይህ ተራራ በጥንት ዘመን ከምድር ሆድ እሳት እየተፋ የኖረ ነው። እሳቱ ከጠፋ በኋላ አፉ እንደ ሰፊ ጻሕል ተከፍቶ ቀረ፤ ውኃም ሞላበትና ሐይቅ ሆነ። በሐይቁ ውስጥ ደሴት አለ፤ በደሴቱም ላይ በቅዱስ ቂርቆስ ስም የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ምእመናን ከተራራው ጫፍ ወርደው፥ በጀልባ ተሻግረው ይሳለሙታል። ጥምቀት ባለፈ በአራተኛው ቀን፥ ጥር 15፥ የቅዱስ ቂርቆስ በዓል ሲደርስ፥ ልጆቻቸውን ያዘሉና በእጃቸው የያዙ እናቶች በውኃው ዳር ተራ ሲጠብቁ ማየት ልብን ይነካል። ጀልባዋ ስትወዛወዝ ሕፃኑ እናቱን ይይዛል፤ እናቲቱም ሕፃኑን ትይዛለች፤ ማን ማንን እንደ ያዘ ግን ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል።

ቦታውና ታሪኩ እንዲህ ተስማምተው የሚገኙበት ስፍራ ብዙ አይደለም። እሳት ይፈላበት በነበረው ስፍራ ውኃ ረጋ፤ በረጋውም ውኃ መካከል፥ የፈላ ውኃ ያላቃጠለው ሕፃን መታሰቢያ ቆመ።

ታሪኩን ሕዝበ ክርስቲያን ሁሉ ያውቀዋል። ቅድስት ኢየሉጣ በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን የነበረች እናት ናት። ስደት በክርስቲያኖች ላይ በተነሣ ጊዜ፥ የሦስት ዓመት ልጅዋን ቂርቆስን ይዛ አገርዋን ለቃ ሸሸች። ቤትዋን፥ ዘመዶችዋንና የኖረችበትን ማዕርግ ሁሉ ትታ ሄደች፤ ዳሩ ግን በሸሸችበት አገር ተይዛ ከመኰንን ፊት ቀረበች። ከዚያም በኋላ ታላቅ ጋን ተጥዶ፥ ውኃው ፈልቶ፥ ፍላቱ እንደ ነጐድጓድ በተሰማ ጊዜ፥ የእናቲቱ ልብ ራደ። በዚህ ጊዜ ያጸናት ጎልማሳ ወይም ካህን አልነበረም፤ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ያ ሕፃን ነበር። እርሱ ስለ እርስዋ ጸለየ፥ አደፋፈራትም፤ እርስዋም ፍርሃቷ ርቆላት ከልጅዋ ጋራ ገባች። መልአኩ ቅዱስ ገብርኤልም ወርዶ የፈላውን አቀዘቀዘው፤ ይህም መታሰቢያ በየዓመቱ ሐምሌ 19 ቀን ይከበራል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው አንድ ነገር አለ። እርሱም የእናቲቱ ፍርሃት ነው። ታሪኩን የጻፉት አባቶች ኢየሉጣ ፈጽማ አልፈራችም ብለው ሊጽፉ በቻሉ ነበር፤ ነገር ግን አላደረጉትም፤ ፍርሃቷን ሳይሸሽጉ አስቀመጡት። እንግዲህ የእናት ሃይማኖት ማለት አለመፍራት አይደለም። የእናት ሃይማኖት ማለት፥ በደኅና ቀን በልጅ ልብ ውስጥ የተዘራው ዘር፥ በክፉ ቀን በቅሎ እናቲቱን ራስዋን እስኪያስጠልል ድረስ ተስፋ አለመቁረጥ ነው። ያ ሕፃን የተናገረውን ቃል ከማን ተማረው? ከእናቱ አይደለምን? የሰጠችውን መልሶ ሰጣት፤ ብድሩም ከነወለዱ ተከፈላት።

ከሐይቁ ወደ መንደሩ ሲወጣ ደግሞ ሌላ መምህር አለ፤ እርሱም እንሰት ነው። በወንጪ ዙሪያ በየቤቱ ጓሮ ቅጠሉ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ እንሰት ይታያል። እንሰት ፈጥኖ አይደርስም፤ በደጋ አገር ለመብል እስኪበቃ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ዛሬ ሕፃኑ በጀርባዋ ሳለ የተተከለውን እንሰት፥ እናቲቱ የምትፍቀው ያ ሕፃን ከብት ጠባቂ ወይም ተማሪ በሆነበት ጊዜ ነው። መፋቁ፥ መጭመቁ፥ በጕድጓድ ቀብሮ ማብላላቱ፥ ከዚያም ቆጮውን መጋገሩ በልማድ የሴቶች ሙያ ነው፤ ቡላውም ቃጫውም ከእጃቸው ይወጣል። በአገራችን በእንሰት የሚኖረው ሕዝብ ወደ 20 ሚሊዮን እንደሚጠጋ ይነገራል፤ ይህንንም ሕዝብ ከረኃብ የሚጠብቀው የእናቶች ጡንቻ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

የዚህ ተክል ስም በኦሮምኛ «ወርቄ» ይባላል። ስሙ ለአማርኛ ሰሚ ከወርቅ ጋራ ይገጥማል፤ ቅኔ የለመደ ጆሮም እንዲህ ያለውን ግጥጥም ሰምቶ ዝም ብሎ አያልፍም። ነገር ግን ከስሙ ይልቅ የሚያስደንቀው የአረባቡ ነገር ነው። እንሰት የሚያረቡ ሰዎች አንዲትን ያልደረሰች እንሰት መርጠው ይነቅሏታል፤ ግንድዋን ይቈርጣሉ፥ እምብርቷን ያወጣሉ፤ ሥርዋንም ለብቻው መልሰው ይቀብሩታል። ላላወቀ ሰው ነገሩ ጥፋት ይመስለዋል። ዳሩ ግን ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ፥ ከተቀበረችው ከአንዲቱ እንሰት ዙሪያ ብዙ ቡቃያ ከመሬት ብቅ ይላል፤ አርባም ቢሆን መቶም ቢሆን ሊሆን ይችላል። ባትነቀል ኖሮ አንዲት ዛፍ ሆና በቀረች ነበር፤ ስለ ተነቀለች ግን የብዙዎች እናት ሆነች። ሰሙ ተክል ነው፤ ወርቁ ሴት ናት።

ይህን የእንሰት ጠባይና ያን የቅድስት ኢየሉጣን ጽናት በአንዲት እናት ሕይወት ውስጥ በአንድነት ለማየት የሚወድ ሰው፥ በእኛው ዘመን የነበሩትን የወይዘሮ አበበች ጎበናን ታሪክ ይመልከት።

ወይዘሮ አበበች በ1928 ዓ.ም. በሸዋ፥ ሸበል አቦ በምትባል የገጠር መንደር ተወለዱ። ዘመኑ ጣልያን አገራችንን የወረረበት ዘመን ነበርና፥ አባታቸው በጦርነቱ ሞቱ፤ እርሳቸውም በአያቶቻቸው ቤት አደጉ። ገና ሕፃን ሳሉ ያለ ፈቃዳቸው ተዳሩ፤ ነገር ግን ከዚያ ጋብቻ አምልጠው ወደ አዲስ አበባ መጡ፥ ፊደልም ቈጠሩ። አድገውም ቡናና እህል በሚያቀርብ ድርጅት ውስጥ የጥራት ተቈጣጣሪ ሆነው ተቀጠሩ። ሥራቸው መልካሙን ፍሬ ከመጥፎው መለየት ነበር። ደመወዝ ነበራቸው፥ ትዳር ነበራቸው፥ በከተማም የተከበረ ኑሮ ነበራቸው፤ በሰው ዐይን ሲታይ ከዚህ በላይ የሚያስፈልጋቸው ነገር አልነበረም።

በፈረንጆች አቈጣጠር በ1980 ዓ.ም. ለስእለት ወደ ግሸን ማርያም ተጓዙ። ግሸን በወሎ ናት፤ በዚያን ጊዜም ወሎ በድርቅ ተመትቶ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ1977 ዓ.ም. አገሩን ሁሉ ያንቀጠቀጠው ታላቅ ረኃብ ገና አልደረሰም፤ ጥላው ግን አስቀድሞ ወድቆ ነበር። በወንጪ ጓሮ የምትበቅለው ወርቄ በዚያ አልነበረችም፤ ዝናብ የቀረበት ገበሬ ከቤቱ ወጥቶ በመንገድ ይወድቅ ነበር። ወይዘሮ አበበችም በረኃብተኞች መካከል ሲያልፉ፥ ከሞተች እናቱ አጠገብ የተቀመጠ ሕፃን አዩ። በእጃቸው የነበረው ዳቦና ከገዳም የያዙት ጠበል ብቻ ነበር። ያን አካፈሉ፤ ነገር ግን ሕፃኑን በዚያ ትተው ለመሄድ ልባቸው እንቢ አላቸው። ያን ሕፃንና ሌላ አንድ ጨምረው ወደ አዲስ አበባ ይዘው ተመለሱ።

ለሳላሚ ሰው ከገዳም ይዞት የሚመለሰው በረከት እምነት ወይም ጠበል ነው፤ እርሳቸው ግን ሁለት ነፍስ ይዘው ተመለሱ። አንድ ዓመት ሳይሞላም ልጆቹ 21 ሆኑ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ነገር ከእሳት የሚቈጠር ነው። ባለቤታቸው በመጀመሪያ ጊዜ ረድተዋቸው ነበር፤ ነገር ግን ልጆቹ በበዙ ጊዜ፥ ከእኔና ከልጆቹ አንዱን ምረጪ የሚል ነገር መጣባቸው። በዚህ ቦታ ማንንም ሰው መውቀስ አይገባም፤ በአንድ ደመወዝ 21 አፍ ማብላት ለማንም ቢሆን ከባድ ነውና፥ ቤቱ የመሰለው ሰው ቤቱ ሲጠፋበት ቢደነግጥ አያስደንቅም። ፍርሃት ኢየሉጣንስ ይዞአት አልነበረምን? ዳሩ ግን ወይዘሮ አበበች በአንድ ወገን ትዳር፥ በሌላ ወገን ከአብራካቸው ያልተከፈሉ ልጆች ቆመው ሳሉ፥ ልጆቹን መረጡ። ቤታቸውንም ለቅቀው ልጆቻቸውን ይዘው ወጡ። እንደዚያች እንደ ተነቀለችው እንሰት ሆኑ።

ልጆቹን ለመመገብ ጌጣቸውን ሸጡ፥ እንጀራ ጋግረው ሸጡ፥ ጠጅ ጥለው ሸጡ። የቢሮ ሠራተኛ የነበሩት እመቤት በምጣድና በጋን አጠገብ ተገኙ። ሙያቸው ተለወጠ፤ ነገሩን በጥልቅ ለሚያስተውል ሰው ግን ፈጽሞ የተለወጠ አይመስልም። ቀድሞ መልካሙን ፍሬ ከተበላሸው ይለዩ ነበር፤ በኋላም የዕለት ሥራቸው ያው ሆነ፤ ልዩነቱ፥ ዓለም የተበላሸ ነው ብሎ የጣለውን እርሳቸው እያነሡ መልካም ፍሬ መሆኑን ማሳየታቸው ነው። በጊዜውም በስማቸው የተጠራ የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማኅበር በሕግ ቆመ፤ ቦታ ተገዛ፥ ቤት ተሠራ። በየመንገዱ የተነሡት ሕፃናት አደጉ፥ ተማሩ፥ ለሥራና ለቤት በቁ። በሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮሮና ሕመም ምክንያት በ85 ዓመታቸው ሲያርፉ፥ እናታችን ብለው ያለቀሱላቸው በሥጋ ያልወለዷቸው እጅግ ብዙ ነበሩ።

በጥንታዊት ሮም ቆርኔልያ የምትባል አንዲት መበለት ነበረች። አንዲት ባለጸጋ ሴት ወደ ቤትዋ መጥታ ጌጥዋን እያሳየች፥ አንቺስ ጌጥሽን አሳዪኝ ባለቻት ጊዜ፥ ልጆችዋ ከትምህርት ቤት እስኪመለሱ አቈይታ፥ ጌጦቼ እነዚህ ናቸው ብላ እንዳሳየቻት ይተረካል። ይህ ታሪክ በዓለም ሁሉ ዝነኛ ነው። ነገር ግን ቆርኔልያ የሸጠችው ጌጥ የለም፤ ልጆችዋም የራስዋ ነበሩ። የኛይቱ እመቤት ግን የነበራቸውን ጌጥ ሸጠው የሰው ልጆችን ጌጥ አደረጉ። እንግዲህ የትኛዋ ትበልጣለች ብሎ መፍረድ ለአንባቢ የተተወ ነው።

አንዳንድ ሰው ግን፥ ኩራት ኃጢአት አይደለምን? እናት በልጆችዋ ትኮራለች ማለትስ እንዴት ይገባል? ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ትዕቢት የሚባለው ሰው የራሱ ያልሆነውን የራሱ አድርጎ ሲቈጥር ነው። ልጅዋን እንደ ንብረት ቈጥራ፥ ከጎረቤት ልጅ ጋራ እያስተያየች የምትመካ እናት በእርግጥ ወደዚህ ወጥመድ ትገባለች፤ ልጅዋም በወደቀ ቀን አብራ ትወድቃለች። ዳሩ ግን ሌላ ዐይነት ኩራት አለ። እርሱም ነቢዩን ሳሙኤልን በስእለት አግኝታ፥ ጡት ባስጣለችው ጊዜ ወደ መቅደስ ወስዳ የሰጠች የሐና ኩራት ነው። ሐና ልጅዋ የርስዋ ብቻ እንዳልሆነ ዐውቃ ሰጠችው፤ በየዓመቱም ቁመቱን እየገመተች ትንሽ ቀሚስ ሰፍታ ትወስድለት ነበር። ያች ቀሚስ በየዓመቱ ስትረዝም፥ የእናቲቱም ደስታ እንዴት ያድግ እንደ ነበር ማሰብ አያስቸግርም። ይህ ኩራት ምስጋና ነው እንጂ ትዕቢት አይደለም።

እንሰትም ይህንኑ ታስተምራለች። ከአንዲት ሥር የበቀሉት ቡቃያዎች በአንድ ጕድጓድ ተጣብበው ቢቀሩ አንዳቸውም አይጠነክሩም። ስለዚህ ገበሬው ይነጣጥላቸዋል፤ አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም፤ እያደጉ ሲሄዱ ከቦታ ወደ ቦታ እያዛወረ፥ በየጊዜው ክፍተቱን እያሰፋ ይተክላቸዋል። ዛፉ ዛፍ የሚሆነው ሲለያይ ነው። ልጅዋን ከጉያዋ ሳታወጣ የምታኖር እናት በፍቅር ታደርገዋለች፤ ዳሩ ግን ጥላዋ ፀሓዩን ይከለክለዋል።

ወንጪም ራስዋ ዛሬ በለውጥ ላይ ናት። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ገበታ ለሀገር በተባለው እቅድ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋራ እንድትለማ ተመረጠች፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ አድርጎ ቈጠራት። እንግዳ በበዛበት አገር ሥራ መልኩን ይለውጣል፤ ፈረስ ለጭነት ብቻ ሳይሆን ለእንግዳ መቀመጫ ይሆናል፤ ቆጮና ማርም ከቤት ጓዳ አልፎ ገበያ ይፈልጋል። እንሰት ስትፍቅ የኖረች እናትም፥ ነገ ሌላ ሙያ እንድትይዝ ጊዜው ያስገድዳት ይሆናል። በዚህ ጊዜ፥ ከእናቴ የተማርሁትን ሙያ ከተውሁ ምን ይቀረኛል? ብላ ብታዝን አይፈረድባትም፤ ለብዙ ዘመን የለመደ እጅ አዲስ ነገር ሲይዝ ይንቀጠቀጣልና።

ነገር ግን የሚለወጠውንና የማይለወጠውን መለየት ያስፈልጋል። ሙያ ልብስ ነው፤ እንደ ዘመኑ ይለበሳል፥ እንደ ዘመኑም ይወልቃል። ኢየሉጣ ከክብር ቤት ወደ ስደት ስትወጣ፥ ወይዘሮ አበበች ከቢሮ ወደ ምጣድ ሲሄዱ፥ የተለወጠው ልብሱ ነው። ከልብሱ በታች ያለው ግን አንድ ነው፤ ይኸውም ልጅን ለነገ ማጽናት ነው። ይህ ያልተለወጠባት እናት፥ ኢላማዋ ከቶ አልተለወጠባትም።

ይልቁንም ልጆችዋ ከትምህርት ቤት ተመልሰው፥ እርስዋ የማታነበውን ጽሕፈት ሲያነቡላት፥ እርስዋ የማታውቀውን የእንግዳ ቋንቋ ሲተረጕሙላት፥ በአዲሱ መንገድ የሚመሩዋት እነዚያው ያሳደገቻቸው ይሆናሉ። ያን ጊዜ እናቲቱ ኋላ ቀረሁ ብላ ልታፍር አይገባትም። በጋኑ አጠገብ የሆነው ይህ ነውና፤ እናት አስተማረች፥ ልጅ አጸና። ልጅም በበኩሉ ከእናቴ ዐወቅሁ ብሎ ሊመካ አይገባውም፤ ያ የሦስት ዓመት ሕፃን የጸለየው ስለ እናቱ ነበር እንጂ በእናቱ ላይ አልነበረም።

የጥር 15 በዓል ሲፈጸም ሕዝቡ ከደሴቱ ይመለሳል። ጀልባዎቹ አንድ በአንድ ወደ ዳር ይጠጋሉ። ሲሄዱ እናት ቀድማ ትገባና እጅዋን ዘርግታ ልጅዋን ትቀበላለች፤ ሲመለሱ ግን ከፍ ያለው ልጅ ቀድሞ ወደ ደረቁ ይዘልልና ዞሮ እጁን ለእናቱ ይዘረጋል። እርስዋም፥ ራሴን እችላለሁ ሳትል፥ እጁን ትይዛለች። ዳገቱንም አብረው ይወጣሉ።